ሰዓት ጠያቂው ጋሽ ዊስቲን

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ቱሪስት ትከሻዋን ሳትሸፍን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ልትገባ ስትል፣ ጋሽ ዊስቲን ኮታቸውን አውልቀው አለበሷት። ስትወጣ መለሰችላቸው። በትሕትና ተቀበሏትና ጀርባዋን እስክታዞር ጠብቀው ኪሶቹን በረበሩ።

"ምን ጠፋብዎት?" አልኳቸው።

"ምንም። ግን ምን እንደጨመረችበት ማን ያውቃል?"

በማልታ በየመንደሩ እንዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ያዥ አይጠፋም። የእኛው፣ ክቡር የቁልፎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የሞተ ሰውም ይጠረጥራሉ። ጣሪያውን የሣለው ጣሊያናዊ ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው፤ እሳቸው ግን እስካሁን አልለቀቁትም።

"የተስማማው ለዐሥራ ሁለት መላእክት ነው። ቁጠሪ! የመጨረሻው እግሩ ብቻ ነው ከደመናው የወጣው። ሌላውን አካሉን የት አደረሰው?"

"ደመናው ጋርዶት ይሆናላ።"

"እሱም የሚለው ይህንኑ ነበር!"

ከሁለቱ ማማዎቻችን የቀኙ ሰዓት ይሠራል፤ የግራው ግን በቀለም የተሣለ ነው። ሰይጣን የቅዳሴውን ሰዓት እንዲስት አባቶቻችን ያደረጉት ነው። ጋሽ ዊስቲን ዘንድሮ አላፊ አግዳሚውን እያስቆሙ፣ "የኛ ሰዓት ስንት ይላል?" ማለት ጀምረዋል። ከግራው ያነበበ ጉዱ ፈላ፤ "ከማን ወገን ነህ?" ይባላል። የእጅ ሰዓት እንደሆነ አያምኑም፤ "ማን ባረከው?" ነው መልሳቸው። እዚሁ የተጠመቅኩትን እኔን እንኳ በየቀኑ ይጠይቁኛል። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

ትናንት የበዓሉ ዋዜማ ነበር። ዓምዶቹ ቀይ ግምጃ ለብሰዋል። ተሸካሚዎቹ ለበዓሉ ጎዳና ላይ የሚቆመውን፣ ሰው የሚያህለውን ባለጥምጣም የነቢዩ ኤርምያስን የወረቀት ሐውልት በሩ ሥር አቁመው ምሳ ሄዱ። ጋሽ ዊስቲን መጡና ተቆጡ።

"ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ጥምጣም ይወልቃል!"

ነቢዩ ዝም።

"አንተን እኮ ነው! ከማን ወገን ነህ?"

ከመናዘዣው ሳጥን ጀርባ ሆኜ በሳቅ ልፈነዳ ነበር። ከዚያ እጅጌውን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። ዳሰሱት። እጃቸው እዚያው ቀረ።

ሳቄ ጠፋ። ሰዓት የሚጠይቁን ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የዓይናቸውን መድከም ቄሳችን ዶን ሳቨር ቢሰሙ፣ ከአያታቸው ጀምሮ ከጋሽ ዊስቲን ቤት ያልወጣው ቁልፍ ነገውኑ ሌላ እጅ ይገባል።

"ማነው እዚያ?"

"እኔ ነኝ፣ ዶሎር። አሁን መምጣቴ ነው።"

"ትዋሻለሽ።"

"አዎ፣ ጋሽ ዊስቲን።"

ቁልፎቹን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። እኛ በራችንን ገርበብ አድርገን የምንተኛው፣ እሳቸው በሁላችን ፈንታ ስለሚጠረጥሩልን መሆኑን እዚያ ቆሜ አሰብኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በልቤ።

"ነገ የበዓሉን ደወል ስደውል፣" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከጎኔ ቆመሽ ሰዓቱን ትነግሪኛለሽ? በጆሮዬ፣ ዶን ሳቨር እንዳይሰሙ።" ሁለት እርምጃ ሄደው ወደ እኔ ዞሩ። "የቀኙን ነው ታዲያ! አደራ!"