የመጀመሪያውን ሆድ ያላለፈ ባቄላ

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ የሚጀመሩት በታላላቅ ሰሌዳዎች ነው። ከካራ በላይ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ስሙን የማንጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት እንዲህ የሚል ሰሌዳ አቆመ፦ «የጥራጥሬ እህልን በማቀነባበር ለበጎችና ለሌሎች የሚያመሰኩ እንስሳት የፕሮቲን መኖ የማዘጋጀት የልህቀት ማዕከል»። ጽሑፉ ከቤቱ ይረዝም ስለነበር «ማዕከል» የሚለው የመጨረሻ ቃል ጎረቤቱ አጥር ላይ ተሰቀለ። ጎረቤቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጁን ሲከፍትና ሲዘጋ እንደ ባለሥልጣን ጉሮሮውን ይጠራርግ ጀመር።

ማዕከሉ ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም። ኃላፊ ነበረው፤ አራት የሥራ ሂደት መሪዎች ነበሩት፤ ማኅተም ነበረው፤ ከላይ የተላከለት ባቄላም በመጋዘን ተከምሮ ነበር። ያልነበረው በግ ብቻ ነው።

በግ የነበረው ልደቱ ነው። ዳገቱ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የሚኖር ዓይን አፋር ሰው ነበር። መንገድ ላይ ሰው «እንዴት አደርክ» ሲለው መልሱን አስቦ እስኪጨርስ ሰውየው ተሻግሮ ይሄዳል። «አይሆንም» የሚለውን ቃል በሕይወቱ ከበጎቹ በቀር ለማንም ተናግሮ አያውቅም። በጎቹ ስድስት ሲሆኑ ጸጉራቸው ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበር። እሱና ሚስቱ ዘቢደር ያላቸው ሀብት እነሱ ብቻ ስለነበሩ፣ ለፋሲካ ሸጠው አንዲት ጊደር ሊገዙ ቆርጠዋል።

የማዕከሉ ባለሙያ ቤኪ አንድ ቀን ጠዋት በዚያ ሲያልፍ በጎቹን አየና ቆመ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያበሏቸው?»

ልደቱ መሬት መሬቱን አየ። ዘቢደር ከጓሮ መለሰችለት።

«ግርድ ነው። ከባቄላው የተበጠረ ስብርባሪ። ለስለስ አድርጌ አምሼ፣ ሸርክቼ፣ ከጭድ ጋር ደባልቄ እሰጣቸዋለሁ።»

«ኦ ማይ ጋድ! ይሄ እኮ ባይፓስ ፕሮቲን ነው!»

«በሽታ ነው?»

«ኧረ አይደለም እትዬ! በግ ሆዷ አራት ክፍል አለው። ባቄላውን ጥሬውን ከሰጧት፣ የመጀመሪያው ሆድ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ቀድመው ይበሉባታል። ከታመሰ ግን የመጀመሪያውን ሆድ ሳይፈርስ ያልፍና ጥቅሙ ለራሷ ይደርሳታል። ሳይንስ ነው!»

«እኔስ ስለሚጣፍጣቸው ነው የማምሰው» አለች ዘቢደር።

በማግስቱ የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ተሾመ ከአራቱ የሥራ ሂደት መሪዎች ጋር መጡ። የአቶ ተሾመ ስም ራሱ የሹመት ደብዳቤ ስለሚመስል ሰው ሲጠራቸው እንኳን ደስ ያለዎት የሚላቸው ይመስላቸውና ፈገግ ይላሉ። በጎቹን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ፤ ፊታቸው በራ።

«ስድስት! አንድ መሪ፣ አምስት አባላት! እነዚህ በጎች ገና ሳንደርስባቸው በአንድ ለአምስት ተደራጅተው ነው የቆዩን!»

አውራው በግ እዚያው «ግንባር ቀደም» ተብሎ ተሾመ። ከዚያ አቶ ተሾመ ወደ ልደቱ ዞሩ።

«ሞዴል አርሶ አደራችን፣ በጎችህን ለሁለት ወር በማዕከላችን አቀፍን። ለፋሲካ እንደ ጎሽ አድልበን እንመልስልሃለን።»

ልደቱ «አይሆንም» ሊል አፉን ከፈተ።

«አይ…»

«አይ መታደል! ልትል ነው፤ ገብቶናል» አሉና አቶ ተሾመ አጨበጨቡ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። በጎቹ ሄዱ።

ዘቢደር በአንድ ምጣድ ትጨርሰው የነበረው ሥራ በማዕከሉ በሳይንሳዊ መንገድ አራት ቦታ ተከፈለ፦ ርክክብ፣ ማመስ፣ መሸርከት፣ ማከፋፈል። እያንዳንዱ የሥራ ሂደት ባቄላውን ወደ ቀጣዩ ከማሳለፉ በፊት ጥራቱን እንዲያረጋግጥ መመሪያ ወጣ። መመሪያው ግን አንድ ትንሽ ጉዳይ ዘንግቶ ነበር፤ የታመሰ ባቄላ ሌላው ስሙ ቆሎ ነው። ጥራቱም በጥርስ እንጂ በሌላ በምንም አይረጋገጥም።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። የማይጾሙት ሠራተኞች ከጠዋት ጀምሮ ያረጋግጣሉ፤ የሚጾሙት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያረጋግጣሉ። በዚህም ማዕከሉ የሃይማኖት እኩልነትን ከወረቀት አውርዶ በተግባር ያሳየ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ሆነ። ለበጎቹ የሚደርሳቸው የባቄላው ገለፈትና በጋጣው በር ላይ የሚለጠፈው ቃለ ጉባኤ ነበር። ግንባር ቀደሙ አውራ አንድ ቀን ቃለ ጉባኤውን ከነማኅተሙ በላው። በሪፖርቱ ላይም «ተጠቃሚዎች ሰነዱን በሚገባ አብላልተውታል» ተብሎ ሰፈረ።

በአምስተኛው ሳምንት ልደቱ በጎቹን ሊያይ መጣ። ጥበቃው ከበበ በር ላይ ያዘው።

«ልደቱ፣ ዛሬ ባትገባ ይሻልሃል።»

«ምነው? ሞቱ እንዴ?»

«ኧረ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«በጎቹ?»

«አለቆቹ! በጎቹማ ቆመዋል። ከተኙ መነሣት ስለሚያቅታቸው መቆሙን መርጠዋል።»

ልደቱ በአጥሩ ቀዳዳ አየ። የጎን አጥንታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ትንሿ በግ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። አንድ ሳምንት እንኳ እንደማትቆይ አወቀ። ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ ገባ።

«እና ምን አልካቸው?» አለች ዘቢደር።

«ምንም።»

«ምንም ለማለት ነው ዳገቱን ወርደህ የወጣኸው?»

«ብለምናቸውስ መቼ ይሰማሉ?»

«ማን ለምን አለህ? እነሱ የሚሰሙት የራሳቸውን ቋንቋ ነው። ይሄ ሬዲዮ ጠዋት ማታ ሲለፈልፍ ጆሮህ የት ነበር? የሚለውን ያዝና መልሰህ ንገራቸው!»

ያን ሌሊት ልደቱ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ቃላቱን እየደጋገመ አጠናቸው።

በማግስቱ ማዕከሉ አስቸኳይ ግምገማ ጠርቶ ነበር፤ ልደቱም እንደ ሞዴል አርሶ አደር ተጋብዟል። ከላይ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው፤ በጎቹ ግን ከመወፈር ይልቅ ከስተዋል። ለዚህ የተጠና ምክንያት ያስፈልግ ነበር።

ቤኪ እጁን አወጣ። «እኔ እንደሚመስለኝ ባቄላው ለበጎቹ እየደረሰ አይደለም።»

«ቤኪ፣ ይህ ጠባብ ቴክኒካዊ አመለካከት ነው» አሉ አቶ ተሾመ በአፋቸው የያዙትን ቆሎ እየዋጡ። «ሞዴል አርሶ አደራችን ቢናገር ይሻላል።»

ልደቱ ተነሣ። ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ ይዟል።

«በበጎቼ ስም ግለ ሂስ ላቀርብ ነው» አለ። «በጎቼ የአመለካከት ችግር አለባቸው። ልማቱ በእቅድ ሲመራ እነሱ ባቄላ ባቄላ ይላሉ። ይህ ጠባቂነት ነው። መሪያቸው ሰነድ እስከ መብላት ደርሷል፤ አምስቱም አላረሙትም። ከእንግዲህ በማዕከሉ መቆየታቸው ሌሎች በጎችን ያበላሻል። ስለዚህ… ስለዚህ ከማዕከሉ ይባረሩልኝ!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። አቶ ተሾመ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ በጎቹም በሙሉ ድምፅ ተባረሩ። የስንብት ደብዳቤ ተጽፎላቸው፣ ግልባጩ ለጥበቃው ተሰጠ።

ልደቱ ትንሿን በግ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ አምስቱን እያስከተለ ዳገቱን ወጣ። ዘቢደር ደጃፍ ላይ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ወዲያው ምጣዷን ጣደች። ለፋሲካ አልደረሱም። ጊደሯም ለሌላ ሰው ተሸጠች። ስድስቱም ግን ቆመው ማመስኳት ጀመሩ። በዚያ ሰሞን ልደቱ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ቀድሞ ሰላም እስከ ማለት ደፈረ።

በግንቦት አንድ ደብዳቤ ደረሰው። «በግለ ሂስ ወቅት ያሳዩት ብስለት በከፍተኛ አመራሩ ዘንድ አድናቆት በማትረፉ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማዕከሉ የጥራት ማረጋገጫ ኮሚቴ አባል ሆነው ተመድበዋል» ይላል። ልደቱ ሄዶ አይሆንም ሊል ነበር። ነገር ግን እጁን ጨብጠው ወንበር ሰጡት፤ ወንበሩም መደገፊያ ነበረው።

የዕለቱ አጀንዳ አጭር ነበር። የጎብኚዎቹ ቀን ተራዝሟል፤ ስለዚህ አዲስ በጎች ያስፈልጋሉ። የልደቱ ጎረቤት በዳዳ ስድስት በግ እንዳለው ተደርሶበታል። በዳዳ ራሱ ተጠርቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ልደቱ!» አለ በዳዳ ሲያየው ፊቱ እየፈካ። «እግዚአብሔር ነው አንተን እዚህ ያስቀመጠልኝ! አንተ አይተኸዋል። በል ንገራቸው እንጂ!»

ልክ በዚያ ሰዓት ሳህኑ እየዞረ ልደቱ ጋ ደረሰ። ባቄላው ገና ትኩስ ነው፤ ጨው ነገር ተነስንሶበታል። ልደቱ በዳዳን አየ፤ ሳህኑን አየ። የኮሚቴ አባል ነውና አንድ እፍኝ ዘግኖ ጥራቱን ማረጋገጥ ጀመረ። እውነት ለመናገር፣ ጥራቱ ምንም አይወጣለትም ነበር።

«የሚደግፍ?» አሉ አቶ ተሾመ።

ልደቱ አፉ ሙሉ ስለነበር ለበዳዳ መልስ መስጠት አልቻለም። እጁ ግን ባዶ ነበርና አወጣው።