ማንም ሳይሞት ያስጣልኩት ድንኳን

ቁጭ ብላችሁ አንብቡኝ። ዛሬ ጅግጅጋ ውስጥ ማንም ሳይሞት ድንኳን ተጥሎ ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ደረሰ።

ድንኳኑን ያስጣልኩት እኔ ነኝ!

ለአዲሶቹ ተከታዮቼ፦ ማህሌት እባላለሁ። ፊልም እጽፋለሁ፣ ዳይሬክት አደርጋለሁ፣ ዋናዋንም ሴት የምጫወተው እኔው ነኝ። ችሎታዬ ሞልቶ ፈሶ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ ሰው ስለማይመጣልኝ ነው። በአዘቦት ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ እሁድ እሁድ አርቲስት ነኝ።

አራተኛው ፊልሜ አባቷ ስለሞተባት ልጅ ነው። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ታሪኩ ፈጠራ ነው» የሚል ጽፌያለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የቀረኝ አንድ ሲን ብቻ ነበር፣ የለቅሶው። ለቅሶ ያለ ድንኳን ደግሞ ለቅሶ አይመስልም። ድንኳን የሚያከራይ ሰው ጠየቅኩ፣ የሱ የሰርግ ነው፣ ሮዝ መጋረጃ አለው። ስለዚህ ወደ ሰፈራችን እድር ዳኛ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩ። እሳቸውም ያለ ሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው ብለው መለሱኝ።

ምን አደረግኩ? ዋሸኋ።

ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ፣ ድንኳኑ ሻጋታ እንዳይዘው እኛ ጊቢ ጸሐይ ላስመታው አልኳቸው። ያመኑኝ በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ አየለ የእድሩን ድንኳን ሃያ ዓመት የተከለ፣ የነቀለ፣ ሲቀደድም በእጁ የሰፋ ሰው ነበር። ጋሽ ደምሴ የመጋዘኑን ቁልፍ ሲሰጡኝ «አንቺማ የቤቱ ልጅ ነሽ» አሉኝ። ያኔ ማፈር ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ መብራት እያሰብኩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እማዬን በሚኒባስ አሳፍሬ ቀብሪበያ እህቷ ጋ ላክኋት። አክስቴን ናፍቀሻታል አልኳት። እናቴ ያን ድንኳን ደጃችን ላይ እንድታየው አልፈለግኩም። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።

ጊቢ ውስጥ ብርሃን አልነበረም፣ ስለዚህ ደጅ ላይ ተከልነው። እንመጣለን ካሉኝ ስድስት ጓደኞቼ የመጣችው ሰሚራ ብቻ ናት። ሰሚራ ካሜራዬም ድምፄም ናት። ማይኩን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስራ ቆመችልኝ።

ጥቁር ለበስኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ። እንባ የለም።

ሰባት ቴክ! ሽንኩርት ከተፍኩ፣ አሸተትኩ፣ ዓይኔ ስር ቀባሁ። ሰሚራ በመጨረሻ «ማህሊዬ፣ እያስነጠስሽ ነው እንጂ እያለቀስሽ አይደለም» አለችኝ።

ስምንተኛው ላይ ኤዶ ፋዱማ ገቡ። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ነው፤ ኤዶ ፋዱማ ወተት የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። የወተት ጀሪካናቸውን በር ላይ አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡና እንባቸው ወረደ።

እንደምታውቁት፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም። ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይለቀሳል። ሟቹ ቀስ እያለ ከወሬው ይታወቃል።

እዚህ ላይ ተነስቼ «ኤዶ፣ ፊልም ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁት። እንዲህ ያለ ፊት በየትኛው ኦዲሽን ይገኛል? ለሰሚራ በዓይኔ እንዳትቆርጪ አልኳት።

አዎ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። የባለሱቁ ሚስት መጣች። የእድሩ ሴቶች ንፍሮ ይዘው መጡ። አግዳሚው ሞላ። ጋሽ ደምሴም ደረሱ፣ ጸሐይ ሊመታ የወጣውን ድንኳን ከነለቀስተኛው ሲያዩ ቆባቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ላለው ሰው «ድንኳኑ አስቀድሞ አውቋል» ሲሉ ሰማኋቸው። ሳቄን የዋጥኩት ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ነው። ሰው ሁሉ ሐዘኔ መስሎት ባሰበት።

እኔን አዩ፣ እናቴን አጡ። ስለዚህ የሞተችው እናቴ ናት ብለው ደመደሙ። ይህን እኔ አላወቅኩም።

ከሴቶቹ አንዷ ለአክስቴ ቀብሪበያ ደውላ፣ ምንም የለም፣ እህትሽ ቤት ድንኳን ተጥሏልና ቶሎ ነይ ብላታለች። በእኛ ቋንቋ «ምንም የለም» ከተባለ ሁሉም ነገር አለ ማለት ነው። ስልኩ ደግሞ ላውድ ላይ ነበር። እማዬ ከጎኗ ተቀምጣለች!

እዚያ ቤት የምንኖረው ሁለት ነን። አንዷ ስልኩን እየሰማች ነው። ሌላዋ እኔ ነኝ። ሂሳቡን እናቴ ወዲያው ሠራችው።

ከሚኒባስ ወርዳ ስትሮጥ አየኋት። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆማ ፊት ለፊት አየችኝ።

«ማህሌት?»

«እማ፣ ፊልም ነው» አልኳት።

ከጻፍኳቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩም አስቀያሚውም ይኸ ነው።

ሞተች የተባለችውን እናቴን ቆማ ስታያት ንፍሮ የምታዞረው ሴትዮ ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። ጋሽ ደምሴ ማን ነው ታዲያ የሞተው ብለው ጠየቁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ነገሩ ሲገባቸው ድንኳኑ አሁኑኑ እንዲነቀል አዘዙ።

እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር። ጥፊ ጠብቄያለሁ፤ ይገባኝም ነበር።

«አይነቀልም» አለች ቀስ ብላ። «አየለ ነው የሞተው።»

አባቴ የሞተው በኮሮና ጊዜ ነው። መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ጥቂት ሆነን ቀበርነው። ጎረቤት ከአጥር ማዶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ብሎን ሄደ። ሃያ ዓመት ለሰው ሁሉ ድንኳን የተከለ ሰው ለራሱ ሳይተከልለት ቀረ። እማዬ በሩ ተዘግቶ ብቻዋን አለቀሰች፣ ከዚያ ወዲህም ስለ ድንኳን አንስታ አታውቅም። እኔ ደግሞ «ታሪኩ ፈጠራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ጋሽ ደምሴ ቆባቸውን እንደያዙ ተመልሰው ተቀመጡ። ኤዶ ፋዱማ የእናቴን እጅ ያዙ።

«ባሌ ሲሞት አየለ የእድር አባል ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም» አሉ። «ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ።»

በቃ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ንፍጤ እስኪወርድ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ። ያ ሁሉ ሽንኩርት በከንቱ ነበር! እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን እየጠረገች፣ ብትነግሪኝ እኮ አብሬሽ እተክለው ነበር አለችኝ። ይኼ ከጥፊው የበለጠ አመመኝ።

ቀና ስል ሰሚራን ፈለግኳት። ካሜራውን ትታ አግዳሚው ላይ ትነፋረቃለች፣ መጥረጊያው ከነማይኩ ንፍሮው አጠገብ ተጋድሟል። ማታ ቤት ገብተን ካሜራውን ከፈትን። ካርዱ ሞልቷል። የሞላው ደግሞ በሰባተኛው ቴክ መጨረሻ ላይ ነው። የኤዶ ፊት የለም፣ የእናቴ መምጣት የለም፣ የእኔ እንባ የለም። ያለው አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ሰባት ጊዜ ስታስነጥስ ነው።

እድሩ እዚያው ተሰብስቦ ቀጣኝ። ከዛሬ ጀምሮ በሰፈሩ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የምተክለው እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ቁልፉን መልሰው በእጄ አስያዙኝ፤ የቤቱ ልጅ ነሽ የሚለውን ግን ዛሬ አልደገሙትም።

«ታሪኩ ፈጠራ ነው» የምትለዋን ሰርዣታለሁ። የአባቴን ስም ጽፌ ለእማዬ አሳየኋት፣ ረጅም ጊዜ አየችውና መነጽሯን አወለቀች።

አሁን ሲኑን እንደገና መቅረጽ አለብኝ። ድንኳኑ በእጄ ነው፣ ማልቀስም ዛሬ ተምሬያለሁ። እስቲ ከእናንተ ውስጥ ጋሽ ደምሴን ደፍሮ የሚያስፈቅድልኝ ማን ነው?