አክስቴ ሳትሞት የሄድኩበት ተዝካር

ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላት እናት ጤነኛ ናት ብሎ የሚምልላችሁ ሰው ካገኛችሁ አትመኑት፤ ወይ አልወለደም፣ ወይ ልጁ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው። እኛ የፍኖተ ሰላም እናቶችማ ሁላችንም ታመናል፤ የምንለያየው በበሽታው ደረጃ ብቻ ነው። የኔው ከፍ ያለው ደረጃ ላይ መድረሱን ያወቅሁት፣ አንድም ቀን ራሷን አሟት የማያውቅ አክስቴን በአፌ ገድዬ፣ ተዝካሯ ላይ ልገኝ ብዬ ወደ ቡሬ የተሳፈርኩ ዕለት ነው።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ይህችንም የምጽፋት ፊደል እየለቀምኩ ነው። ዛላ በርበሬ ስጡኝ ግን ቀዩን ከነጣው፣ የደረቀውን ካልደረቀው በእጄ ዳብሼ እለይላችኋለሁ። ታዲያ ልጅም እንደዚያው የሚለይ ይመስለኝ ነበር፤ ቀዩ ለዶክተርነት፣ የነጣው ለሌላ ለሌላው።

ማስተዋል የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። በመሀል ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ ተጨምሮበት ስምንተኛ ክፍል ዘንድሮ ደርሳለች፤ የክልል ፈተና ይጠብቃታል። ይህች ልጅ በርበሬ አስይዤ ወፍጮ ቤት ከላክኋት መመለሻ የላትም። ሄጄ ስፈልጋት ሞተሩ አጠገብ ተገትራ አገኛታለሁ። ድምፁ ትንሽ ለወጥ ሲል ከባለወፍጮው እኩል አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ ቀበቶው ላልቷል ትለኛለች። ለዶክተር የወፍጮ ቀበቶ ምን ያደርግላታል? እያልኩ ጎትቼ አመጣታለሁ።

በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰበሰበ። የክፍላቸው ኃላፊ መምህር ረጋ ብለው አስረዱን፤ ልጆቹ ከዚህ በኋላ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፣ ሳይንስ አለ፣ ማኅበራዊ አለ፣ የቴክኒክ ሙያ አለ፣ ዝንባሌያቸውን እዩላቸው አሉን። ደግሞ ይተኙ፣ ይብሉ፣ ይጫወቱ አሉ። እኛም ታቦት እንዳየ ሰው አንገታችንን ደፍተን ሰማን። ልጃችሁ ምን መሆን ይፈልጋል ብለው ተራ በተራ ሲጠይቁን ግን... ዶክተር፣ ዶክተር፣ ዶክተር... እስከ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር! እንደኛ ምኞት ከሆነ ከተማችን ትንሽ ቆይታ በሽተኛ ታጣለች፤ ዶክተሮቹ እርስ በርሳቸው እየተመራመሩ ይኖሩ ይሆናል። መምህሩ ግራ ገብቷቸው፣ ልጆቹ ራሳቸው ምን ይላሉ ቢሉ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠችው እትዬ ይታይሽ፣ «እነሱማ ምን ያውቃሉ፣ ልጆች አይደሉ?» ብላ ገላገለችን።

እትዬ ይታይሽ የአጥር ጎረቤቴ ናት። ልጇ ናሆም ትምህርት ከጀመረ አንስቶ ከክፍሉ አንደኛ ነው። የናሆም አንደኛነት እኛ ቤት ከጨው ቀጥሎ ገበታ ላይ የሚቀርብ ነገር ነው። ማስተዋል ጉርሻዋን ሳትውጥ፣ ናሆም በልቶ ማጥናት ጀምሯል እላታለሁ። ገና ጋደም ስትል፣ ናሆም ይኼኔ ቁጭ ብሏል እላታለሁ። ከሳቀችም፣ ናሆም ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? እላታለሁ። እውነቴን ነው፣ እኔም ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ይህ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ ስል ልጄ እህል ተወች። በርበሬ ስንቀነጥስ ከንፈሯ ጎላ ያለ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ባዳምጥ፣ «ሶዲየም... ፖታሲየም... ማግኒዥየም...» ትላለች። አስቡት እንግዲህ! በአባቷም በእናቷም ወገን እንዲህ የሚባል ክርስቲያን የለም። ስጠራት ትበረግጋለች። ሳበጥራት ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይመጣል። ቀሚሷ ሰፋባት። እዚህ ላይ እየቀለድኩ አይደለም፤ ያለችኝ እሷው ናት፣ ፈራሁ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ መረመሯትና ሌላ ነገር የለባትም፣ ጭንቀት ነው፣ እንቅልፍ ትተኛ አሉኝ። የምን ጭንቀት? ዝናብ በመጣ ቁጥር የተሰጣ በርበሬ ለማንሣት የምሮጠው እኔ፣ የምትጨነቀው እሷ?

የቀረኝ ጸበል ነበር። ግን በፈተና ሰሞን የበርበሬ ነጋዴዋ ልጅ ጸበል ገባች ከተባለ አለቀ፤ ወሬው ከኛ ቀድሞ ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ ለእትዬ ይታይሽ ቡሬ የአክስቴ ተዝካር አለብኝ አልኳት። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እግዜር ያጥናሽ፣ አብሬሽ እንዳልመጣ ናሆም ለሽልማት ባሕር ዳር ተጠርቶብኝ ነው አለችኝ። ሽልማት! ማስተዋልን ዞር ብዬ ገላመጥኳት። በምን ዓይን እንዳየኋት ወልዳችሁ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ።

እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ በባጃጅ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር ወረድን። የጸበሉን ስም አልነግራችሁም፤ እናንተም ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይኖራችኋል፣ ወረፋው ይበዛብኛል።

ደርሰን ልንቀመጥ ስንል፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ከፊታችን አለች። ጥለቱን አወቅሁት። ከጎኗ ጉልበቱን አቅፎ ያቀረቀረውንም አወቅሁት፤ ናሆም ነው።

«ባሕር ዳር እዚህ ድረስ ወርዳለች እንዴ እትዬ?» አልኳት።

«ያክስትሽ ተዝካርስ፣ ጠላ እንኳ የለውም?» አለችኝ ከነጠላዋ ሥር።

ለካስ ናሆም ከፈተና በፊት ሁሉ ያስመልሰዋል። አንደኛ የሚወጣው ባዶ ሆዱን ነው። ይህን ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነገረችኝና ዓይኗን ጠረገች። እኔም አፍሬ ፊቴን ባዞር፣ ከኋላችን በጃንጥላ የተሸሸገችው የልጆቻችንን ዩኒፎርም የሰፋችልን ሴት ናት። ከሷ ወዲያ ያሉት ባልና ሚስት በስብሰባው ከአጠገቤ የተቀመጡት ናቸው። ያ ሁሉ ዶክተር፣ ዶክተር ያለ ሰው ልጁን ደብቆ ገደል ወርዷል። መምህሩ ቢኖሩ ስም መጥራት ይችሉ ነበር።

የማስተዋል ተራ ደረሰ። ውኃው አጥንት ይሰብራል። አጥማቂው አባ ድምፃቸው ገደሉን የሚያስተጋባ ሽማግሌ ናቸው፤ መስቀላቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

«ማነህ አንተ? ተናገር!»

ልጄ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። መልሳ ጨፈነችው። ከዚያ ሰምቼው በማላውቀው ወፍራም ድምፅ፣

«አንደኛ እባላለሁ» አለች።

«የት ያዝካት?»

«ገበታ ላይ፣ እራቷን ስትበላ።»

«ማን ላከህ?»

«እናቷ።»

ሰዉ በሙሉ ወደኔ ዞረ። እትዬ ይታይሽ መተተኛ አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው ሸርተት ብላ ራቀችኝ። አባ ቀጠሉ፤ ምን ቢደረግልህ ትለቃታለህ አሉት።

«ናሆም፣ ናሆም አይበሉብኝ። ትተኛ። ዶክተር አልሆንም፤ ሞተር እፈልጋለሁ።»

አባ መስቀሉን ወደ ላይ እንደያዙ ቀሩ። ሽቶ የሚፈልግ አጋጥሟቸዋል፣ ጥቁር በግ የሚፈልግ አጋጥሟቸዋል፤ ሞተር የሚጠይቅ ግን ገና መተዋወቃቸው ነው። ድምፃቸው ወረደና፣ «የምን ሞተር?» አሉ።

«የወፍጮ። ቴክኒክ ገብታ ትማረው።»

ይህን ጊዜ ከወንዶቹ ወረፋ ናሆም ብድግ አለ። ማንም ሳይጠይቀው፣ ጠብታ ውኃ ሳይነካው፣ «እኔም አንደኛ ነኝ! እኔንም የላከኝ እናቱ ናት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያማ ምኑ ይነገራል... አንዱ ሲቀበል ሌላው ሲቀበል፣ ያ መንፈስ ለካ የክፍሉን ግማሽ ይዞት ኖሯል።

እስቲ እናንተ በኔ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። ልጄ አስመስላ ነው ብል፣ ጤነኛ ልጅ ጎትቼ ገደል ማውረዴ ነው። የለም፣ መንፈሱ ነው የተናገረው ብል፣ ላኪው እኔ ነኝ። መውጫ የለኝም። አባም ላኪዎቹ ወዲህ ቅረቡ አሉን። በመስቀሉ ፊት ቃል አስገቡን፤ ልጆቹ ሊተኙ፣ ሊበሉ፣ መንገዳቸውን ራሳቸው ሊመርጡ። ጸበል ላይ የተገባ ቃል ደግሞ እንደ ገበያ ቃል አይታጠፍም። እኔ እያለቀስኩ ገባሁ፤ እትዬ ይታይሽ ጥርሷን ነክሳ ገባች። አባ ሲመለሱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይነቃነቅ ነበር። ከብርዱ ይሁን ከሌላ እሳቸው ያውቃሉ።

ማስተዋልን ጋቢ አለበስኳት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ በራሷ ድምፅ፣ «እማ፣ ዳቦ ይዘሻል?» አለችኝ። ሰጠኋት። ቆርሳ ለናሆም ሰጠችውና ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ። አንድ ነገር በጆሮው አለችው፤ ሳቀ። ጥርሱ እንዴት ያምራል መሰላችሁ።

ያ ድምፅ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ፈተናው ገና ነው። ታጠናለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ወፍጮ ቤት ስልካት እንደ ድሮዋ ትቀራለች፣ እኔም እንደ ድሮዬ አልጎትታትም። ሁሉም ደህና ነበር... ባለፈው እትዬ ይታይሽ በአጥሩ ብቅ እስክትል።

«የናሆም መንፈስ እኮ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው» አለችኝ፣ ለወሬ ያህል።

«እሱማ ከኔዋ ሰምቶ ነው» አልኳት። «ቀድሞ የተናገረው የማስተዋል ነው። ቀድሞ የለቀቀውም የማስተዋል ነው። በዚህ እንኳ ልጄ አንደኛ...»

ማስተዋል ከምትቀነጥሰው በርበሬ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ በወፍራሙ ድምፅም ጉሮሮዋን ጠረገች።

ከልጄ የወጣው የት እንደሰፈረ ያኔ ተገለጠልኝ። በሚመጣው እሑድ ጸበል እወርዳለሁ፤ የምጠመቀው እኔ ነኝ፣ ማስተዋል አስታማሚዬ ናት። እትዬ ይታይሽ የት ሄደች ብላ ከጠየቀቻችሁ፣ የአክስቷ ሙት ዓመት ነው በሉልኝ። አክስቴ ደህና ናት፤ ሰላም ብላችኋለች።