ሠላሳ ሰባቱ በሹመት እንደ ተሻሩ

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ መብራት በፈረቃ በሚመጣበትና ሊፍቱ ግን በፈረቃውም በማይመጣበት ዘመን፣ አቶ ናኦድ በካዛንቺሱ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆነው በተሰየሙ በአራተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ የሪፖርት ሲስተሙ ዘበኛ፣ አቃቤ ፓስወርድ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ የሆኑት አቶ አስመላሽ የሠሩትን ገድል፣ ካየነውና ከሰማነው ብዙም ሳንጨምር እንጽፋለን።

ሲስተሙስ ምንድን ነው ቢሉ፣ የተሸጠውንና የቀረውን በየወሩ ደምሮ የሚያሳይ ነው፤ በእርሱም ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው ሁሉን ያያል፣ ያሻውን ይለውጣል፣ ያሻውን ይሰርዛል። ይህም ሥልጣን ለሦስት ሰዎች ብቻ ይገባ ነበር፦ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ለወይዘሮ መድኃኒትና ለራሳቸው ለአስመላሽ። ነገር ግን አስመላሽ እምቢ ማለትን ሳይታደሉ የተወለዱ፣ ይሉኝታ የሚያንገላታቸው ሰው ነበሩና፣ ለእንግዳ ተቀባይዋ ለሩቲ ልደቷ ስለ ነበረ ሰጡ፤ ለሾፌሮች አስተባባሪ ለግርማይ በዝናብ ቀን እስከ ሜክሲኮ ስላደረሳቸው ሰጡ፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ካሕሳይ ለግርማይ የተሰጠ ለእኔ ምን አጥፍቼ ነው የሚነፈገኝ ብሎ ሦስት ቀን ቢያኮርፍ ለእርሱም ሰጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ ባለ ሙሉ ሥልጣኑ አርባ ደረሰ፤ ከእነርሱም አንዷ ትርሓስ አግብታ መቀሌ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነበር።

ወእምዝ፣ ግርማይ የነዳጅ ሪፖርት አያለሁ ብሎ አንዲት ነገር ተጫነና ሐምሌ ጠፋ። ወሩ በሙሉ! አቶ ናኦድም ይህን ሳያውቁ ለገሃር ወደሚገኘው ዋናው መሥሪያ ቤት ወርደው፣ በአለቆች ሁሉ ፊት ቆመው፣ ድርጅታቸው በሐምሌ አንዲት ሚስማር እንኳ አለመሸጡን በኩራት አነበቡ። አስመላሽ ሐምሌን ከመጠባበቂያው ቅጂ በማግሥቱ ቢያስነሡትም ቁጣው አልበረደም፤ ከለገሃርም አዋጅ ወጣ፦

«የሰማህ ላልሰማው አሰማ! በመጪው ዓርብ መርማሪዎች ይመጣሉ። ከሦስት የበለጠ ባለ ሙሉ ሥልጣን ቢገኝ፣ ሲስተሙ ወደ ለገሃር ይዛወራል፤ አስመላሽም ወደ ቃሊቲ መጋዘን ወርዶ ብሎኬት ይቆጥራል!»

አስመላሽ ይህን እንዳነበቡ የአርባውን ስም ዝርዝር አወጡ። ኮምፒውተር እንጂ ብሎኬት አልተማሩምና።

ማክሰኞ ጠዋት ልባቸውን አጽንተው የሩቲን ሥልጣን ገፈፉ። ወዮ ለዚያች ሰዓት! ሩቲም ከእንግዳ መቀበያው ተነሥታ አወጀች፦ «በቃ፣ ማለቴ፣ እኔ ሌባ ነኝ ማለት ነው? የግርማይ ሳይነካ የእኔ ብቻ? ኧረ ሼም ነው!» ቢሮውም ምን አድርጋ ይሆን እያለ ተንሾካሾከ፤ እርሷም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስልክ ማንሣት ተወች። ስልኩ እስከ ምሳ ሰዓት ጮኸ። አስመላሽም ከቃሊቲ ይልቅ የሩቲ እንባ ከብዷቸው ሥልጣኗን መለሱላት።

ረቡዕ ማለዳ ከሜክሲኮ ታክሲ ሲሳፈሩ፣ አንድ ሸበላ ሰው ጋቢና ለመቀመጥ ሲጋፋ አዩ፤ ገብቶም ተንፈላሰሰ፣ የኋላዎቹንም ዞሮ በንቀት ቃኘ። መሪ አልያዘም፣ ማርሽ አልነካም፣ ክብሩ ግን ከሾፌሩ ይበልጥ ነበር። አስመላሽም ካዛንቺስ እስኪደርሱ ዓይናቸውን ከዚያ ሰው ላይ አላነሡም፤ ደረጃውንም ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጥተው ይህን አዋጅ ለጠፉ፦

«ለረጅም ጊዜ በታማኝነት ላገለገላችሁ ሁሉ! ከዛሬ ጀምሮ ሩቲን ከፍተኛ ተመልካች ብያለሁ። ካሕሳይን የመጋዘን ሪፖርት ልዩ አንባቢ ብያለሁ። ግርማይን የሐምሌ ባለአደራ ብያለሁ። ሌሎቻችሁም ሹመታችሁን ከስማችሁ ትይዩ ተመልከቱ!»

ከፍተኛ ተመልካች ማለት የራሱን ክፍል ሪፖርት የሚያይ፣ ምንም የማይለውጥ ነው። የሐምሌ ባለአደራም ሐምሌን ያያል፤ አይነካውም። ይህን ግን ማንም አልጠየቀም፤ ቢሮው ሹመት ያዳብር በመባባል ተናወጠ፣ ካሕሳይ ከረቫት አሰረ፣ ግርማይ ለፎቁ ሁሉ ለስላሳ ጋበዘ። ለትርሓስ እንኳ አስመላሽ መቀሌ ደውለው ይቅርታ ጠየቁ፤ እርሷም ሥልጣን እንደ ነበራት ያን ቀን ገና ሰማች።

ሐሙስ ማታ ሠላሳ ስድስቱ በደስታ ተሽረው አንዲት ሴት ቀሩ፦ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ምንዳዬ። አስመላሽ ሥራ ፈተው ሲንከራተቱ ማመልከቻቸውን ከክምሩ ሥር አውጥተው ከላይ ያስቀመጡላቸው፣ ስድስት ዓመት ሙሉም ምሳቸውን ያካፈሏቸው እርሳቸው ናቸው። እኚህን ሴት በሹመት ማታለል ነውር ሆነባቸው፤ እውነቱን መንገርም አቃታቸው። ዓርብ ጠዋት መርማሪዎቹ ደረጃውን እያለከለኩ ሲወጡ አስመላሽ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ጭነው ተቀምጠው ነበር፤ በቁርጥ ቃሊቲን መርጠው።

ያን ጊዜ እትዬ ምንዳዬ መጡ፤ በፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ጀርባ የጻፉትንም አዋጅ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፦

«ለልጄ ለአስመላሽ። ይህችን ፓስወርድ የሰጠኸኝ ቀን ደስ ብሎህ ስለ ነበር፣ ቅር እንዳይልህ ብዬ በመነጽሬ ማኅደር አራት ዓመት ያዝኳት። ኮምፒውተሩ በየት እንደሚበራ እንኳ አላውቅም። ተረከበኝ። እኔ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ለሥራ አስኪያጅም ሰጥቼ አላውቅም፤ የተቀየመኝ ግን የለም። እምቢ ማለትን ልመድ የኔ ልጅ፤ አይገድልም።»

አስመላሽም አነበቡ፣ ሳቁ፣ ሳቃቸውም መሐል አለቀሱ፤ ሠላሳ ሰባተኛዋንም ሻሩ። መርማሪዎቹ ቆጠሩ፤ ሦስት ሆነ፤ ደግመው ቆጠሩ፤ አሁንም ሦስት። የመርማሪዎቹ አለቃ አቶ ፀሃዬ በነገሩ ተደስተው፣ እስቲ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሙሉውን ሥልጣን ለእኔ ስጠኝና ልየው አሉ፤ ፈተና ይሁን ጉጉት እስከ ዛሬ አልታወቀም። አስመላሽም ወደ እትዬ ምንዳዬ አዩ፤ እትዬ ምንዳዬም መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር። ከዚያም በሕይወታቸው የመጀመሪያውን አዋጅ ያለ ማባበያ አወጁ፦ «አይሆንም!»

አቶ ፀሃዬ ደብተራቸው ላይ አንዲት መስመር ጽፈው ወረዱ፤ ቃሊቲም ያለ አስመላሽ ቀረች።

ስለዚህ ሐምሌን ከጠፋበት ለመለሰው፣ ሳያስከፋ ለሻረው፣ አይሆንም ብሎም በሕይወት ለኖረው ለአስመላሽ ዘካዛንቺስ ከባምቢስ እስከ ለገሃር ክብርና ምስጋና ይሁን። ይህንም የጻፍነው እኛ የዚያው ቢሮ ከፍተኛ ተመልካች ነን፤ ያየነውን መሰረዝ አልተፈቀደልንም።