ለገብስ ማሳችን የሚሆን ጀልባ

ሰው ትልቅና ትንሽ ቀርቦለት ምረጥ ሲባል እንዴት እንደሚመርጥ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስተውያለሁ። ሥራ ፈትቼ አይደለም፤ ነገር መመርመር ስለምወድ ነው። እናቶቻችን መሐል ሜዳ ገበያ ለልጅ ጫማ ሲገዙ የሚለኩት የልጁን እግር አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ይኖረዋል ብለው የሚያስቡትን እግር ነው። ልጁም እግሩ እስኪደርስበት ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ ይሄዳል። እግሩ ሲደርስ ጫማው አልቋል። ድስትም እንደዚሁ ነው፤ ሁለት ሰው የሚበላበት ድስት የሚገዛው ሠርግ ታስቦ ነው። ስለዚህ ትልቁን የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው ገና ላልመጣ እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። ትንሹን የሚመርጠውስ? እሱ ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ቤት የሚወስደው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ጀልባ ልነግራችሁ ነው። አዎ፣ ጀልባ። መንዝ ውስጥ። ሳቃችሁን ስትጨርሱ እንቀጥላለን።

የእኛ አገር ሰው የሚያውቀው ብዙ ውሃ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚጠመቁበትና የሚሸሹት። ጠበልና ጎርፍ ማለቴ ነው። ሦስተኛው የመጣው ከመንደራችን በታች የመስኖ ግድብ ሲሠራ ነው። ውሃው ሞልቶ ሲተኛ የታላቅ ወንድሜን የደርቤን የገብስ ማሳ ይዞ ተኛ። የተረፈችው ቁራሽ መሬት በሬ እንኳ በቅጡ አታዞርም። በኋላ የዓሣ ጫጩት ጨመሩበትና ጫጩቶቹ አደጉ። ደርቤ መረብ አበጅቶ ከዳር ቢወረውር የሚያገኘው ትናንሾቹን ሆነ፤ ትልልቆቹ መሀል ላይ፣ በትክክል ለመናገር እሱ ማሳ ላይ፣ ይዝናናሉ።

«ወይ ጀልባ እገዛለሁ፣ ወይ ደብረ ብርሃን ሄጄ ፋብሪካ እቀጠራለሁ» አለ አንድ ቀን።

ባለቤቱ ሙሉ ምንም አልመለሰችም። ሙሉ ስትናገር አይደለም የምታስፈራው፤ ዝም ስትል ነው። ፋብሪካ ብለው የሄዱት የደርቤ ጓደኞች የሚመጡት ለለቅሶ ብቻ እንደሆነ እሷም እኛም እናውቃለን።

ከዝዋይ አንድ ደላላ ያገለገሉ የሁለት ጀልባዎች ፎቶ በስልክ ላከልን፤ አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ትንሽ። ፎቶው ግን ምን ያህል ትልቅ፣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ አይናገርም፤ ከትንሿ ጎን አንድ ወፍ ቆሟል እንጂ። ሙሉ ስልኩን ተቀብላ አየችና፣

«ይሄ ዶሮ ከሆነ፣ ጀልባ የምትሉት የዶሮ ውሃ መጠጫ ነው» አለች።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ወፉ አባ ኮዳ እንደሚባል፣ ሲቆም የትምህርት ቤት ልጅ እንደሚያህል፣ ስለዚህ ትንሿም ያን ያህል ትንሽ እንዳልሆነች አስረዳሁ። በዚያው ብረት ሲጥሉት እየሰመጠ መርከብ ለምን እንደሚንሳፈፍ፣ ሰፊ ጀልባ ከጠባብ ይልቅ ለምን በቀላሉ እንደማይገለበጥ በሳፋና በጣሳ እያሳየሁ አብራራሁ። ጣሳው ተገለበጠ።

«አንተ የባሕር ኃይል፣ እግሬን አራስከው እኮ!» አለችኝ ሙሉ።

ደርቤ የፈለገው ትልቋን ነበር። «የመንዝ ሰው ጀልባ ገዛ ተብሎ መሳቁ ላይቀር፣ ቢያንስ በትልቅ ነገር ይሳቁብኝ» ይላል። ሙሉ ደግሞ ትንሿን። «ትልቋን ብቻህን ጎትተህ ዳር አታወጣትም። ሸሪክ ልታስገባ ነው፤ ከሸሪክ ጋር ደግሞ ስትካሰስ ልትኖር ነው። ትንሿን ብትታመም እኔም እጎትታታለሁ» ትላለች። እኔ በሳይንሱ ምክንያት የትልቋ ወገን ሆንኩ። ሁለት ለአንድ። ሙሉ ግን የተሸነፈች አትመስልም ነበር።

መኪና የሚደርሰው ገደሉ አፋፍ ድረስ ነው። ከዚያ ወደ ውሃው ያለው የእግር መንገድ ነው፤ እሱም መንገድ ከተባለ። እንዲህ ባለው ቁልቁለት ከባድ ነገር የሚያወርደውም የሚያወጣውም ቅሬያችን፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ ነው፤ አስከሬንም ይሁን፣ በቃሬዛ የሚሄድ በሽተኛም ይሁን፣ የወፍጮ ድንጋይም ይሁን። ስለዚህ ሦስታችንም የቅሬው ዳኛ ዘንድ፣ አባባ ተክሌ ቤት ሄድን። እንዳመሌ ቀድሜ አፌን ከፈትኩ። ትልቋ ስንት ሰውና ስንት ኩንታል እንደምትሸከም አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። አባባ ተክሌ በትዕግሥት አስጨረሱኝ።

«ጎሽ፣ የምትሸከመውን ሰማሁ» አሉ። «እሷንስ ስንት ሰው ይሸከማታል?»

ይህን አላሰላሁትም።

«እዚያ ጠመዝማዛው ላይ ቃሬዛ እንኳ የምናዞረው በመከራ ነው። ትልቋን ይዘን ከገባን ወይ እሷ እዚያ ትቀራለች፣ ወይ እኛ። ትንሿን አምጡ፤ በሽተኛ ናት ብለን እናወርዳታለን።»

ሙሉ ነጠላዋን አስተካከለች። ሁለት ለሁለት ሆነ፤ አባባ ተክሌ ግን ሲቆጠሩ እንደ አምስት ናቸው።

ትንሿ አይሱዙ ላይ ተጭና መጣች። ለለቅሶ የማይወጣው ሰው ሁሉ ለጀልባ ወጣ። ትከሻው ቦታ ያጣ በጣቱ ነካት። ከሩቅ ያዩን አንዲት እናት ቀብር መስሏቸው እያለቀሱ ሮጠው ደረሱ፤ ቀረብ ብለው ሲያዩ እንባቸውን ጠርገው፣ «ኤዲያ! ከነመልኳ ገንዳ ናት እኮ!» አሉና ተሸካሚው ሁሉ በሳቅ ሊጥላት ነበር። ደርቤ ግን አልሳቀም። ውሃው ላይ ስናሳርፋት ገባባት፤ ቀዝፎ መሀል ማሳው ላይ ደረሰ፣ መረቡን ጣለ፣ ትልልቆቹን አወጣ።

ግን የተሸከመ ሁሉ መሳፈርን መብቴ ብሎ ያዘ። ግድቡ ሲሞላ ወደ ገበያ የምንሄድበትን መንገድ ቆርጦት ስለነበር ሰዉ ውሃውን በዙሪያው ነበር የሚዞረው። አሁን ዳር ቆሞ «ደርቤ! ተሸክሜያታለሁ እኮ!» እያለ ይጣራል። ትንሿ ከቀዛፊው ሌላ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው፤ ያውም ካልተሳሳቁ። ደርቤ ጠዋት ዓሣ ያወጣል፣ ከዚያ ሰው ያሻግራል። ባዶ እጁን መሳፈር የከበደው ሰው አንዱ እንቁላል፣ አንዱ በጣሳ ገብስ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንድሜ ከዚያ ማሳ ላይ ገብስ መሰብሰቡን እንደገና ጀመረ።

ባለፈው የገበያ ቀን አባባ ተክሌ ሙክታቸውን እየጎተቱ መጡ። ጫንነው። ሙክቱ ወደ ግራ ሲሄድ ጀልባዋም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ እሷም ወደ ቀኝ ሆነች። ከመገልበጣችን በፊት አወረድነው። አባባ ተክሌ እስከ ጉልበታቸው ርሰው ዳር ላይ ቆሙ። ስለ ሚዛን ላስረዳቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«ደርቤ፣ ያቺ ትልቋ ተሸጠች እንዴ?»

ደርቤ እኔን አየ። እኔ ሙሉን አየሁ።

«አባባ፣ እሷንስ ስንት ሰው ይሸከማታል?» አለች ሙሉ።

«እሱን ለእኔ ተይው። ቅሬውን የምጠራው እኔ አይደለሁም?» አሉና ሙክታቸውን እየጎተቱ በዙሪያው መንገድ ሄዱ።

ደብረ ብርሃን የመሄዱ ነገርስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ደርቤ ዳግመኛ አንስቶት አያውቅም። ሙሉ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዝም ብላ አታውቅም።