የእትዬ አሰለፈች ወገብ

እኛ ለሁሉም ሰው የምንለው አናጣም። ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ ለወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ለሐዘንተኛ «እግዜር ያጥናህ»፣ አዲስ ልብስ ለለበሰ እንኳ «እላይህ ይለቅ» እንላለን። ለአስታማሚስ? እስቲ አስቡት። «እግዜር ዋጋሽን ይክፈልሽ» ነው የምንለው። ጉዳዩን ወደ ላይ እንመራና ነጠላችንን አስተካክለን እንወጣለን። ጠያቂ የሚጠይቀው በሽተኛውን ነው። በሽተኛውን የሚያገላብጠውን ሰው ዞር ብሎ የሚያየው የጠላው ዋንጫ ሲጎድልበት ብቻ ነው። ሰው ለማማት ያነሳሁት እንዳይመስላችሁ። እኔው ራሴ እንዲያ ነበርኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ መንዝ ውስጥ ሞላሌ አስተምር ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከሞላሌ የሁለት ሰዓት መንገድ ባለችው መንደራችን በቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነው ከተኙ ስድስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ልጆቻቸው ሁለት ነን፤ እኔና ታላቄ እትዬ አሰለፈች። እህቴ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ዕለት ነገሩ ያለ ሽማግሌ ተወሰነ። እሷ አስታማሚ ሆነች፣ እኔ ጠያቂ ሆንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፤ «አይዞሽ እትዬ» እላለሁ፤ እመለሳለሁ። ጠዋት ፀሐይ እንዲሞቁ ታቅፋ ታወጣቸዋለች፣ ነፋሱ ሲነሳ ታቅፋ ታስገባቸዋለች፤ መኝታ እንዳያቆስላቸው በየጊዜው ታዞራቸዋለች። የምታጥበው የመኝታቸው ባናም አለ። የመንዝን የበግ ጠጉር ባና ደረቁን ብቻ የምታውቁ ሰዎች፣ በውርጭ ማለዳ ከወንዝ ሲወጣ ምን እንደሚመዝን አትጠይቁኝ። አላነሳሁትም።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እህቴም ስድስት ዓመት እየሳቀች ጎበጠች። ማንም አላየም። አየሁ ብል እዋሻለሁ።

ያየው አንድ የሕንድ ሰው ነው። የሒሳብ መምህራችን ነበር፤ ስሙ ለምላሳችን ስለረዘመ አገሩ በሙሉ «ሚስተር» ይለዋል። በሁዳዴ መግቢያ አንድ ቅዳሜ «አባትህን ልጠይቅ» ብሎ ተከተለኝ። የጥየቃን ሥርዓት አያውቅም። አባቴን እጅ ነሳና ወዲያው ወደ እህቴ ዞሮ ይህችን በምታህል አማርኛው፣ «አንቺስ? አንቺስ ደህና?» አላት።

እህቴ እኔን አየችኝ። «ማንን ነው የሚለው?»

«አንቺን ነው» አልኳት።

«እኔማ ምን እሆናለሁ» አለች። ከዚያ «ወገቤን» ብላ ወጣች። ከጓሮ የለቅሶዋ ድምፅ ይሰማን ነበር። አባቴ፣ «ምን ነካት?» አሉኝ። እኔ ምን አውቅ።

ሚስተር ተከትሏት ወጣ፤ እኔም ለማስተርጎም ወጣሁ። አውድማው ላይ ቆሞ አሳያት፦ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ አየር መሳብ፣ እያወጡ መጎንበስ፣ መዳፍን መሬት ማስነካት፣ አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ በደረት ዝቅ፣ ቀና፣ መነሳት። «ዮጋ ይባላል፤ እናቴ አያቴን ስታስታምም ወገቧን ያቆየላት ይኼ ነው» አለ። እህቴ በእንባዋ ውስጥ ሳቀች። «ይኼማ ስግደት ነው!» አለች። ሚስተር ግን ስለ ትንፋሹ አጥብቆ ነገራት፤ ስትጎነበሺ አውጪው፣ አትያዢው አለ።

ያዘችው። ባና ከማጠቧ በፊት ማለዳ ማለዳ አውድማው ላይ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ትሠራዋለች፤ በዚያ ብርድ ጀርባውን ለፀሐይ የሚሰጥ ካለ ቆላ የተወለደ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ስሄድ አባቴን አቅፋ ስታወጣ አላቃሰተችም። እንቅልፍ ወሰደኝ አለችኝ፤ እንቅልፍ እንደ ዘመድ ሰው የመጣባት ይመስል ደስ ብሏታል። ጎረቤቶቹም ወደዱት። እማማ ደብሪቱ በአጥሩ ላይ እያዩ፣ «እንዲህ ነው እንጂ የመሪጌታ ልጅ! ሁዳዴን በስግደት ፈጀችው» እያሉ ያመሰግኗታል።

ፋሲካ ሆነ። እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን አይጾምም፣ አይሰገድም። የደስታ ጊዜ ነዋ። የአባቴ መኝታ ግን በዓለ ሃምሳን አያውቅም፤ ባናውም አያውቅም። እህቴ በፋሲካ ማግስት እንደ ልማዷ አውድማው ላይ ወጣች። እማማ ደብሪቱ በአጥሩ ላይ አዩ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ልጅቱ ጠፋች ብለው ደንግጠው ነው ለንስሐ አባታችን የነገሩት። በበዓለ ሃምሳ፣ ወደ ፀሐይ፣ ያውም አንድ አረመኔ መጥቶ ከሄደ ወዲህ!

ቅዳሜ ስደርስ የንስሐ አባታችን ከአባቴ መደብ አጠገብ ተቀምጠዋል። እህቴ ቆማለች።

«አባቴ፣ ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም» አለች።

«ልጄ፣ ልብሽን እግዚአብሔር ያያል። ሰው የሚያየው ጉልበትሽን ነው» አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። «መሪጌታ፣ እርስዎ ሊቁ አሉ፤ ምን ይላሉ?»

አባቴ ግማሽ ፊታቸው ቢዝልም አንደበታቸው አልተያዘም ነበር። «ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ትተው» አሉ። ቀጥለውም፣ «አሰለፈች፣ አዙሪኝ» አሉ።

አዞረቻቸው።

ከዚያ ሁሉም እኔን አየ። ሚስተርን ያመጣሁት እኔ፣ ያስተረጎምኩት እኔ፣ ስግደት አለመሆኑን የማውቀው እኔ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «የመሪጌታ ልጅ ሃይማኖቱን ለፈረንጅ ሸጠ» እንዳልባል ፈራሁ። «እሺ፣ ይቅርባት» አልኩ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው፤ ወገቡ የኔ አይደለማ።

ተወችው። ግንቦት ውስጥ የራሰውን ባና ከወንዝ ስታነሳ ወገቧ ተቆረጠ። ወጌሻ መጣ፤ አሸ፤ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እትዬ አሰለፈች ከአባቷ ትይዩ ባለው መደብ ላይ ተኛች። ጠያቂ ጎረፈ። አሁን በሽተኛ ሆናለቻ፤ «እግዜር ይማርሽ» ተባለች፣ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህንነቷን የአገሩ ሰው ጠየቃት።

ጰራቅሊጦስ አለፈ። የንስሐ አባታችን መጡና ላጠፋችው ጥፋት ቀኖና ሰጧት፤ ለአርባ ቀን፣ በቀን አርባ አንድ ስግደት። እህቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ሳቀች፤ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። በሁዳዴ ጽድቅ ነበር፣ በሃምሳው ባዕድ አምልኮ ሆነ፣ ከሃምሳው ወዲያ ቅጣት። እሳቸውም አልጨከኑም፣ መነሳት እንደማትችል ሲያዩ፣ «ከሥጋ ዘመዷ አንዱ ይሸከምላት» አሉ። ከኔ በቀር ማን ነበረ?

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ጓዜን ይዤ መጣሁ። ያን ክረምት አባቴን አዞርኩ፣ እህቴን አዞርኩ፣ ባናውን አነሳሁት። በአራተኛው ቀን ወገቤ የኔ አልነበረም። ማለዳ በሁለቱ መደቦች መሐል ቆሜ የእህቴን ቅጣት እሰግዳለሁ፤ ሸክሟን ያልተካፈልኩ ሰውዬ። አንድ ቀን እያቃሰትኩ ስጎነበስ ከመደቧ ድምፅዋ መጣ።

«አንተ፣ ትንፋሽህን አትያዝ። ስትጎነበስ አውጣው።»

አወጣሁት። እውነትም ቀለለኝ።

አባቴ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። እትዬ አሰለፈች ብዙ ዓመት ኖረች፤ በዱላ፣ መሬት መሬት እያየች። እኔ ቀኖናው አርባ ቀኑን ቢጨርስም መጎንበስ መነሳቱን ከነትንፋሹ አልተውኩትም። ዛሬ ሰማንያ ሊሞላኝ ምንም አልቀረው፤ ቀጥ ብዬ ስሄድ የሚያዩኝ፣ «ያቺን የታመመች እህቱን ስላስታመመ እግዜር ዋጋውን ከፈለው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ከፍሎኛል። ዋጋው የሷ ነበር።