ቀይ መስታወትና ቀይ እርሳስ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የፎቶ ቤታችንን ቀይ መስታወት ነቅሎ ወሰደ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው፤ ማብራሪያ ደግሞ በዚያ ዘመን ሰው ሲጠየቅ እንጂ ሲያሰኘው አይሰጥም ነበር። ዛሬ ማንም ስላልጠየቀኝ ልናገር።

የእህቴ ልጅ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። በቅርቡ የገዛችው ቴሌቪዥን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍርፋሪዎች እንዳሉ ነገረችኝ፤ ስማቸውን ኳንተም ዶት አለችው። የእነዚህ ፍርፋሪዎች ጠባይ ይገርማል። ብርሃን ይውጣሉ፣ ብርሃን ይመልሳሉ፤ የሚመልሱት ግን ከዋጡት ጉልበቱ ያነሰ ነው። ሰማያዊ ጎርሰው አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሰጧችኋል። ቀለማቸውን የሚለየው ደግሞ መጠናቸው ነው። ያው አንዱ ነገር ትንሽ ሳለ አረንጓዴ፣ ሲወፍር ቀይ።

«አጎቴ፣ ያንተ ፎቶ ቤት ቀይ መስታወትም የእነዚህ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ። «እቶን ውስጥ በቆየ ቁጥር ፍርፋሪው ያድጋል፤ መስታወቱ ከቢጫ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ ቀይ ይሄዳል። ሰማያዊውን ውጦ ያስቀራል፣ ቀዩን ያሳልፋል።»

በወፈረ ጊዜ ቀለሙ የሚለወጥ፣ ብዙ ውጦ ጥቂት የሚመልስ ነገር መጀመሪያ ያየሁት ግን ቴሌቪዥን ውስጥ አይደለም።

ሊቀመንበራችን ከአብዮቱ በፊት ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። የባላገሩን አቤቱታ በኦሮምኛ ሰምቶ በአማርኛ የሚጽፍ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ከበርጩማው ብድግ ብሎ «አከም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ የሚል ለስላሳ ሰው። ከተመረጠ በኋላ ብድግ ማለቱን ተወ። ድምፁ ወፈረ። ቀይ እርሳስም ያዘ።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ጋሽ ዘርጋ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ነበር፤ እሱ ያነሳል፣ እኔ አጥባለሁ። የፎቶ ወረቀት ተራ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ቀይ ብርሃን ግን አይነካውም። ስለዚህ ጨለማው ክፍል ውስጥ ያለን አንድ አምፖል ብቻ ነበር፤ እሱም ፊቱ ቀይ መስታወት በሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ። ጋሽ ዘርጋ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። የደንበኞች ስም ዝርዝር ጨለማው ክፍል ገብቶ ምስማር ላይ ከተሰቀለ ሥራው ሳያልቅ አይወጣም። አንድ ጊዜ ዝርዝር ጠፍቶ የአርጆ ሙሽራ ፎቶ ለዲጋ ቄስ ተሰጥቷል። ቄሱ እስኪመልሱት ድረስ ሳምንት ፈጅቷል፤ ለምን እንደፈጀ አልተጠየቁም።

ቀበሌው ለወጣቶች መታወቂያ ሊሰጥ የስም ዝርዝር በፖስታ ላከ። ትእዛዙ በቃል ነበር፦ ለሁሉም ሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ምልክት ላለበት አራት አራት። ጋሽ ዘርጋ ፖስታውን ሳይከፍተው በመጋረጃው አቀበለኝ። ቀዩ መብራት ሥር ከፈትኩት። በጥቁር የተተየበ ስም ብቻ፤ ምልክት የሚባል የለም። ሰቀልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ለሁሉም ሁለት ሁለት አጠብኩ። የራሴም ስም መጨረሻ ላይ ነበረ፤ እኔን ቅዳሜ እናነሳለን ብለን ተውነው።

አርብ ጠዋት ሊቀመንበሩ መጣ። ደንበኛ ወንበሩ ላይ አደ ጫልቱ ተቀምጣለች፤ የጓደኛዬ የገመቹ እናት ናት፣ የልጇን ፎቶ ልታይ የመጣች።

«የባለምልክቶቹ አራት አራት የታለ?»

«ምልክት የለም» አልኩ።

ዝርዝሩ ይውጣ አለ። ጋሽ ዘርጋ ሕጉን ሽሮ ከምስማሩ አወረደው። ደጁ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ሰባት ስም ሥር ወፍራም ቀይ መስመር ተጋድሟል። አንዱ ገመቹ ነው። ሰባተኛው እኔ ነኝ።

«ሁለቱ ለመታወቂያ፣ ሁለቱ ለሚሊሺያ ቅጽ ነበር» አለ ሊቀመንበሩ። «ይሄ አሻጥር ነው።»

አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ምን ያስከትል እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት አላስረዳም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ገብተው በዓይንዎ ይዩት» አለ ጋሽ ዘርጋ።

ዝርዝሩን ይዞ ገባ። መጋረጃው ተዘጋ። ወጣ፤ ወረቀቱን አየ፤ መስመሩ አለ። ገባ፤ የለም። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

«መል በርባደ?» አለች አደ ጫልቱ ወደ እኔ ጠጋ ብላ። «ሰውዬው ምን ጠፍቶት ነው?»

ማንበብ አትችልም።

«ቀይ ብርሃን ውስጥ ቀይና ነጭ አንድ ናቸው» አለ ጋሽ ዘርጋ። «በሰማያዊ ቢያሰምሩት ጠቁሮ ይታየን ነበር።»

«አብዮታዊውን ቀለም ይሰውራል ነው የምትለኝ?»

«እኔ አላልኩም፣ ጓድ።»

«መስታወቱ ነዋ ያለው።»

«መስታወት አይናገርም፣ ጓድ።»

ሊቀመንበሩ አሰበ። ከዚያ መስታወቱን ከሳጥኑ አስነቅሎ በጋዜጣ ጠቀለለ። «ይመረመራል» አለ። ለበላይም ጻፈ። ተጨማሪዎቹ ፎቶዎች ያለ መስታወት እንደማይታጠቡ የገባው ከጻፈ በኋላ ነው፤ ወደ ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ ቶሎ አይወርድም። መላ መታ። የስድስቱን ሁለት ሁለት ፎቶ ከመታወቂያቸው ወስዶ የሚሊሺያ ቅጽ ላይ ለጠፈው። እኔ ፎቶ አልነበረኝም። የከተማውን ሰው ፊት ሁሉ ያጠብኩ ሰው፣ የራሴ አንድ ጉርድ ፎቶ አልነበረኝም።

ዘማቾቹን የሚወስደው መኪና በመጣ ቀን ሰባታችንም ቆመናል። መዝጋቢው የእኔን ቅጽ መልሶ ገፋው።

«ፎቶ የለውም።»

«ሰውዬው እኮ ይኸው ቆሟል» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሰው አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ፎቶ ነው።»

ገመቹ መኪናው ላይ ሆኖ ሳቀብኝ። «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ቶሎ ተነሥተህ ድረስብን» አለ። መኪናው ሄደ።

ክረምቱ ሲወጣ መስታወቱን መለሱልን፤ ምርመራው ምን እንዳገኘ የነገረን የለም። ሊቀመንበሩም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አደ ጫልቱ መጥታ የልጇን ፎቶ ጠየቀች፤ ሁለቱንም ቅጹ ይዟቸው ሄዷል። ነጋቲቩ ነበረኝ። አጥቤ ሰጠኋት። ከዚያ የሌሎቹ የአምስቱም እናቶች አንድ በአንድ መጡ፣ ለሁሉም አጠብኩ።

ስድስቱ አልተመለሱም። ነቀምቴ የቀረሁት እኔ ነኝ።